የተጠረገው ሳህን

አሥመራ፣ ዓባ ሻውል
ጥቅምት 12 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የባሌ እህት፣ ለእኔም ለእህቴ ለኣብርሄት ረዳኢ
ሮማ

ብርዱ ሳይጠናብሽ፣ ጉልበትሽ ሳይደክም፣ በሰው አገር ሰው ሳይከፋብሽ ይህች ወረቀት ትድረስሽ። እኔ ዕድሜ ለፈጣሪ ቆሜ እሄዳለሁ። ከአንቺ ቀድሞ ይህን ደብዳቤ ከፍቶ ለሚያነበው ወንድሜም ሰላምታዬ ይድረሰው። ሥራው ነውና አልቀየመውም። በትግርኛ የጻፍኩልሽ ሦስት ወር ተኝቶ ስለከረመ ከእንግዲህ በአማርኛ ነው የምጽፍልሽ። ልጆች የማስተምረው እሱኑ አይደል? አንባቢያችንም አይቸገር፣ አንቺም ሳትሸብቺ ይድረስሽ።

ስለ ወንድምሽ ጠይቀሽኛል። ግርማይ ከታሰረ ስምንት ወሩ ነው። ይህን መጻፍ ምስጢር ማውጣት አይሆንብኝም፣ ያሰረው መንግሥት ራሱ ያውቀዋል። ለምን እንደታሰረ ግን እኔ አላውቅም፣ የጠየቅኳቸውም አያውቁም። ከፋብሪካ ወጥቶ ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ ማኪና መጣችና ጭናው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ስንቅ አቀብላለሁ። ስሙን በፕላስተር ላይ ጽፌ ሳህኑ ላይ እለጥፋለሁ፣ በሻሽ ቋጥሬ ለዘበኛው እሰጣለሁ፣ እሱም ያለፈውን ባዶ ሳህን ይመልስልኛል። ሰልፉ ላይ ያለን ሴቶች ከዚያ ሌላ ወሬ የለንም። ሳህኑ ከተመለሰ ሰውየው አለ ማለት ነው። «ስንቅ አታምጪ» የተባለች ሴት ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሰልፉ ላይ አትታይም።

የእኔ ሳህን ደግሞ ከሌሎቹ የበለጠ ይናገራል። አባታችሁ አቦይ ረዳኢ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ሳህኑን የሚጠርግ እንግዳ አይጠብቅም» እያሉ አንድ ጉርሻ ያስተርፏችሁ እንደነበር ግርማይ አጫውቶኛል። እቤት ሳለ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ፣ «አሁን ይህችን ምን ብለህ ነው የተውካት?» እያልኩ። እዚያም ሆኖ ይተዋታል። ሻሹን ስፈታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ጉርሻ አገኛለሁ፤ እሷን እበላና እተኛለሁ።

ጸሎትሽ አይለየን።
ለተገብርኤል


ሮማ
ኅዳር 15 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተይ፣ የወንድሜ ዓለም፣

እግዚአብሔር የቆምሽበትን መሬት ያጽናልሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አሮጊቷን እመቤቴን ገላዋን እያጠብኩ ነበር። በአረፋ እጄ ከፍቼው ግማሹ ፊደል ፈሰሰብኝ፣ ግን የጉርሻዋን ነገር አነበብኩ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሮጊቷም እርቃኗን ሆና አብራኝ አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ።

ያቺን የእንግዳ ጉርሻ እኮ እኔ ነበርኩ የምሰርቃት! አባባ ዞር ሲል ከግርማይ ሳህን ሳነሳት፣ እሱ እያየ ዝም ይለኛል። አንድ ቀን አባባ «እንግዳው መጣ እንዴ?» ቢለው «እወ ኣቦ፣ መጽዩ» ብሎ መጥቷል አለ። ውሸት የማያውቅ ልጅ ለእኔ ሲል ዋሸ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ተቆጪኝ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። እሑድ እሑድ ያገራችን ልጆች ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ እኔ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ዝንብ የማይነካ ሰው ታስሮ፣ አሳሪዎቹ በሰላም ወጥተው ሲገቡ የሚያይ አምላክን ምን ብዬ ነው የማመሰግነው? አንቺ እዚያ ሰልፍ ላይ ቆመሽ «ዕድሜ ለፈጣሪ» ስትይ ይገርመኛል፣ ያናድደኛልም። ከየት ነው የምታመጪው?

ስለ ግርማይ የምታውቂውን ሁሉ ጻፊልኝ፣ ትንሿንም ነገር አትለፊ።

ኣብርሄት


አሥመራ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኣብርሄት፣

የነቢያትን ጾም ያስጀመረን አምላክ ለልደቱ በሰላም ያድርሰን። አንባቢያችንም የሚጾም ከሆነ ያበርታው።

ቤተ ክርስቲያን ለምን ተውሽ ብዬ አልቆጣሽም። ከየት ታመጪዋለሽ ላልሽኝ ግን መልሱን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ከየትም አላመጣውም። ጠዋት ስነሳ የለኝም። ስንቁን ቋጥሬ ቁልቁለቱን ስወርድ ትንሽ ትመጣለች፣ ሰልፉ ላይ ደግሞ ከሴቶቹ እበደራለሁ። ለነገ የሚተርፍ ኖሮኝ አያውቅም።

አሁን የምሥራች! ትንሿንም ነገር አትለፊ ብለሻልና ስሚ። ኅዳር 27 ቀን ሻሹን ስፈታ ሳህኑ ተጠርጎ ጠበቀኝ። ጥርግ፣ ንጽሕ ያለ! መጀመሪያ ክው አልኩ። ቆይቶ ግን ገባኝ፤ ርቦት ነው። ለካ እስከዛሬ ሕመም አፉን ዘግቶት ነበር የሚያስተርፈው፣ እኔ ሞኟ በአባቱ ምክር አሳብባለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁሌም ጠርጎ ነው የሚልከው። ወንድምሽ መብላት ጀመረ ኣብርሄት! ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች «እልል በይ እንጂ» ብለውኝ በሹክሹክታ እልል አልኩ። አሁን ሽሮውን አወፍረዋለሁ፣ እንጀራውንም አንድ ጨምሬለታለሁ። እህል የሚመጣበት መንገድ ከተዘጋ ጀምሮ ጤፍ እንደ መድኃኒት ሆኗል፤ ቢሆንም የበላ ሰው ይሻለዋል።

ደስ ይበልሽና አንድ እሑድ እንኳን ሄደሽ አመስግኚልኝ።

ለተገብርኤል


ሮማ
መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተይ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዛብኝ፣ አሮጊቷም ታማብኝ ነበር።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሳህኑ የጻፍሽውን ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የግርማይ የክርስትና ስም ማን ነው? እኔ ታናሽ ስለሆንኩ ወይ አልነገሩኝም ወይ ረስቼዋለሁ። አንቺ በተክሊል ስትጋቡ ሰምተሽዋል። እዚህ አንድ ቄስ አሉ፣ በስሙ ጸሎት ያደርሱለታል።

ስንቁንም በሳምንት አንድ ቀን ብታደርጊውስ? ትደክሚያለሽ። ለራስሽም ብዪ። ባትሄጂም ግርማይ አይቀየምሽም።

ኣብርሄት


አሥመራ
ሚያዝያ 12 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኣብርሄት፣

ክርስቶስ ተንሥአ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እዚህ ትንሣኤን ያለ ዶሮ ዋልን፤ ደወሉ ግን ተደውሏል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አጭር ናት። አንቺ ስለ አየሩ ብቻ ሁለት ገጽ የምትጽፊ ሰው! አሞሽ እንደሆነ አትደብቂኝ።

የክርስትና ስሙ ተወልደ መድኅን ነው። ቄሱ በየዕለቱ ይጥሩልኝ። አንቺም ለጸሎት በመመለስሽ ደስ ብሎኛል፤ የሳህኑ ነገር ነው የመለሰሽ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ።

ስንቁን ቀንሺ ያልሽው ግን አልገባኝም። ከሦስቱ ቀን አንዱን ብቀር ሰውየው ምን ሊያስብ ነው? እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ እኔ በቀን አንዴ ነው የምበላው። አትዘኝልኝ፣ ተመችቶኛል፣ የድሮው ቀሚሴም ልክ ሆነኝ። እሱ ግን እስኪወጣ ድረስ መብላት አለበት። ይወጣል ኣብርሄት። የሚበላ ሰው ተስፋ አለው።

ለተገብርኤል


ሮማ
ግንቦት 25 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለተይ፣

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አይመጣልሽም። እናንተ ጋ ክሊኒክ የምትሠራ ጣልያናዊት ሱር፣ መነኩሴዋ፣ ለእረፍት መጥታ ነበር፣ በእጇ ትሰጥሻለች። በሩን ዝጊና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ከተቻለ ሰው አጠገብሽ ይኑር።

ግርማይ ሞቷል። ኅዳር 24 ቀን ሞቷል። ለተይ፣ ሦስት ወር ሙሉ አውቄ ደበቅኩሽ።

መንግስትኣብ የሚባል ሰው ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር። ታኅሣሥ መጨረሻ ተፈታ፣ በሱዳን ወጣ፣ ከካርቱም ጻፈልኝ። አድራሻዬን የሰጠው ግርማይ ነው። ሲመረምሩት የተመታው ጎኑ አመረቀዘ፣ ሐኪም ቢለምኑለት የሚሰማ ጠፋ፣ በዘጠኝ ቀኑ በክፍሉ ሰዎች እጅ ላይ አረፈ። አብሯቸው አንድ ዲያቆን ነበረ። ጸሎት ሊያደርስለት የክርስትና ስሙን ቢጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም። «ባሪያህን» ብሎ ብቻ ጸለየለት። ስሙን የጠየቅኩሽ ለዚህ ነበር። አንቺ ለሕያው ብለሽ ላክሽልኝ፣ እኔ ፍትሐት አስደረግኩበት።

ሬሳውን ያወጡት ሌሎች ናቸው፣ ስንቅ የሚቀበለው ሌላ ነው፤ የስንቁን መዝገብ ያስተካከለ የለም። «የግርማይ ረዳኢ» ተብሎ ሲጠራ የክፍሉ ሰዎች ተቀበሉ። የበላው አሳምነው የሚባል አምሳ አለቃ ነው። ጎጃሜ ነው፣ የመንግሥት ወታደር። መንደር አቃጥል ሲባል አሻፈረኝ ብሎ ታሰረ። አሥመራ ውስጥ ዘመድ የለውም፣ ሚስቱ እማዋይሽ ያለችው ቢቸና ነው፤ ከታሰረ ወዲህ ይኑር ይሙት አታውቅም። ግርማይ በሕይወቱ ሳለ ከምትልኪው ግማሹን የሚሰጠው ለእሱ ነበር።

አሁን የምነግርሽ ነው የከበደኝ። ግርማይ ያቺን ጉርሻ እየራበው ነበር የሚተዋት። ሌሎቹ ሲስቁበት «ሚስቴ ይህችን ካላየች አትተኛም» ይላቸው ነበር። ሲሞት መንግስትኣብ አሳምነውን «አንተም አስተርፍ፣ አለዚያ ሴትየዋ ታውቃለች፣ ስንቁም ይቀራል» አለው። አሳምነው እምቢ አለ። «የሞተ ሰው ምልክት አልሠራም። ትወቅና ታልቅስ፤ እኔ ልራብ» ብሎ ጠርጎ ላከልሽ። በቀጣዩ የስንቅ ቀን ይቀራል ብሎ ሲጠብቅ አንድ እንጀራ ተጨምሮ መጣ። የዚያን ቀን አሳምነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ ዋለ ብሎ መንግስትኣብ ጽፎልኛል።

መንግስትኣብ ሲፈታ ሊነግርሽ በርሽ ድረስ መጥቶ ነበር። ሳህን ይዘሽ ስትወጪ አየሽና ተመለሰ። እኔም እንደሱ ሆንኩ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር «መብላት ጀመረ» ያልሽው ይመጣብኛል። አንቺ በቀን አንዴ እየበላሽ እኔ ዝም አልኩ። ከፈለግሽ እህቴ አትበይኝ።

ኣብርሄት


አሥመራ
ሰኔ 14 ቀን 1969 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኣብርሄት፣

ነፍሱን ከአብርሃም ጎን ያሳርፍልን፣ አንቺም በሰው አገር ብቻሽን ያለቀስሽውን እንባ ይቁጠርልሽ። ሱር ለክሊኒኩ መድኃኒት ልታመጣ ነገ እንደገና ወደ ሮማ ትሄዳለችና በእጇ እልክልሻለሁ። ማንም ሳያነበው የምጽፍልሽ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው፤ እንደ ልቤ እናገራለሁ።

ተቀይሜሻለሁ። ይህን አስቀድሜ ልበልና ይውጣልኝ። ወንድሜ ሞቷል ብለሽ ለቄስ ነግረሽ ለእኔ መደበቅሽ፣ እኔ ለሙት ሽሮ ሳወፍር ዝም ማለትሽ! ደብዳቤሽን ወርውሬ ረገጥኩት። ከአንቺም ይልቅ ያንን ሰው ጠላሁት። አገሬን ሊወጋ በመጣ ወታደር ጉሮሮ የወረደው የባሌ ቀለብ ነው፣ የእኔ ጦም ማደር ነው። ሁለት ሳምንት ስንቅ አልወሰድኩም። ሁለት ሳምንትም አልጸለይኩም፤ እግዚአብሔርን አኮረፍኩት።

ቀሺ ገረዝጊሄር፣ የንስሐ አባቴ፣ ጎረቤት ነግሯቸው መጡ። ለጸሎት ቢነሱ እኔ አልነሳም አልኩ፤ ፈጣሪን አኩርፌዋለሁ አልኳቸው። «ጓለይ፣ ልጄ፣ የሚኮረፈው የራስ ሰው ነው። ባዕድ ብታደርጊው ኖሮ መች ታኮርፊው ነበር?» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ አልፈው ቢመክሩኝ ኖሮ አስወጣቸው ነበር።

እስር ቤት ለሞተ ለቅሶ መቀመጥ አይፈቀድም። ስለዚህ ሰኔ 12 የሚካኤል ዝክር ነው ብለን ጎረቤት ሰበሰብኩ። ሴቶቹ ሻሂ እየጠጡ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው አለቀሱልኝ። ቀሺም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተወልደ መድኅን ስም ፍትሐት አደረሱ። ስሙ ሲጠራ በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኼ አለቀስኩ፣ ሆዴም ቀለለኝ። የሞተ መሆኑን ያላወቁለት ሰው ምንኛ ያሳዝናል።

ማታውን ያ ሰው ያለውን ደግሜ አሰብኩት። «ትወቅና ታልቅስ፤ እኔ ልራብ።» መንግሥት አልነገረኝም። መንግስትኣብ አልነገረኝም። አንቺ አልነገርሽኝም፣ ሁላችሁም አዝናችሁልኝ። የሚበላው የሚቀርበት ሰው ብቻ በጊዜው ነገረኝ፤ እልል ያልኩበት እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ያን ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዳስራብኩት ሳስብ ደነገጥኩ።

ትናንት ሄድኩ። ሳህኑ ላይ ፕላስተር ስለጥፍ የግርማይን ስም ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን እንዴት አድርጌ ደግሜ ሕያው ላስመስለው? «አሳምነው» ብዬ ጻፍኩ። ከወታደር እስረኛ ጋር ምን አገናኘሽ ብለው እኔንም ሊያስቀሩኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ዘበኛው ሳህኑን አየና፣

«ይኼ የማን ነው? ያንቺ ግርማይ አይደለም?» አለኝ።

«ግርማይ ኅዳር ላይ ሞቷል። እናንተ ስላልነገራችሁኝ እኔ ልንገራችሁ።»

መዝገቡን ገለበጠ። ወደ ኋላ ዞሮ የሚጠራው ሰው ካለ አየ። ማንንም አልጠራም።

«አሳምነው ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«አንቺ የአሥመራ ሰው፣ እሱ ጎጃሜ። በምን በኩል?»

«በክርስትና በኩል።»

«እኔም ክርስቲያን ነኝ» አለ፣ እንደ መሳቅ ብሎ።

«እንግዲያው ያንተም እህት ነኝ። ዓይኒ ኣይትርኣየኒ፣ ሳህኑን ተቀበለኝ።»

ዘበኛው ዓይን አይየኝ ያልኩትን ትግርኛ ባይሰማም ፊቴን አላይ አለ። በብዕሩ አንዱን ስም ሰረዘ፣ አንዱን ጻፈ። ሳህኑን ሲቀበለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነፍስ ይማር» አለኝ። «የቐንየለይ» ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

ፍርድ እንደሚመጣ አምናለሁ ኣብርሄት። መቼ እንደሆነ ግን አልተነገረኝም፣ እስኪመጣ ደግሞ ሰው መብላት አለበት። እምነትሽን ከየት ታመጪዋለሽ ብለሽ ለጠየቅሽኝ እስካሁን ሌላ መልስ የለኝም። ተቀይሜሽ አልቀርም፤ በምን ልቤ! ከግርማይ ወዲያ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፣ በዚያም ላይ እህት አልበቃኝ ብሎ ዘበኛ ሳይቀር ወንድሜ ያደረግኩ ሴት ነኝ። እሑድ ከሄድሽ ተወልደ መድኅን ብለሽ አስጠሪው፣ ካልሄድሽም እኔ አለሁ።

አሁን ይህን እንዳሸግኩ ሌላ ደብዳቤ እጀምራለሁ። ለእማዋይሽ ነው፣ ቢቸና። አታውቀኝም፣ አላውቃትም። ስለ ራሴ ብዙ አልጽፍላትም። ባልሽ በሕይወት አለ፣ ትናንት በልቷል እላታለሁ፤ የምነግራት እውነት ነው።

ለተገብርኤል